የአማና ፍየሎች

ጓድ ሣህሉ ሲስቅ የሚስቀው አፉ ብቻ ነበር፤ ዓይኑ ሥራውን አያቋርጥም። ያን ዕለት ጠዋት በእርዳታ ድርጅቱ ቢሮ ተደላድሎ ተቀምጦ፣ የቀረበለትን አምቦ ውሃ እየተጎነጨ ስለ ፍየል ሲጠይቅ ሰርካዲስ ደስ አላት። ምን ታድርግ? ሰው በሚወደው ነገር ሲጠየቅ ጠያቂው ማን እንደሆነ ይረሳል። ካድሬ ለፍየል ጤና ተጨንቆ በማለዳ እንደማይነሳ ማሰብ ነበረባት፤ እሷ ግን ወንበሯን ሳብ አድርጋ ታወራለት ጀመር።

ሰርካዲስ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ስንዴ ለማደል በጊዜያዊነት ተቀጥራ ገባች፤ ድርቁ አለፈ፣ እሷ ቀረች። የድርጅቱ ኃላፊ አቶ ተሰማ ከጠረጴዛቸው ኋላ ሆነው እርሳስ እየቀረጹ ያዳምጣሉ። እሳቸው ከመናገር እርሳስ መቅረጽ የሚቀላቸው ሰው ናቸው።

"ያኔ የምንሰጠው ስንዴ ብቻ ነበር" አለች ሰርካዲስ። "ሰዉ ከየኮረብታው ወርዶ ደቻቱ ወንዝ ዳር ላስቲክ ወጥሮ ይቀመጣል። ስንዴው ያልቃል፣ ሰዉ ተመልሶ ይሰለፋል። መሰለፍ አስተማርናቸው እንጂ ምን ረዳናቸው? በኋላ ነው ፍየል የገዛነው። የቀፊራ ገበያ ነጋዴዎች አዋጡ፣ ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም መጣ፣ ከውጭም ተላከ። ለአንድ ድሃ ቤት ሁለት እንስት ፍየል እንሰጣለን። መጀመሪያ የምትወለደው እንስት ግልገል ለጎረቤት ትሄዳለች፤ የጎረቤትየዋም ለሚቀጥለው። አሁን ገንደ ሸምሶ ወጥተው ቢያዩ፣ ፍየል የማይታለብበት ቤት የለም። ወተት ሸጠው እህል ገዙ። ጠግበው ሲያድሩ ጉልበት አገኙ፤ በጉልበታቸው እርከን ሠርተው ማሽላ ዘሩ። ዘንድሮ ከዚያ መንደር ስንዴ ፍለጋ የወረደ ሰው በዓይኔ አላየሁም።"

"ሲጠሩስ ይመጣሉ?" አለ ጓድ ሣህሉ።

"እንዴት አይመጡም! አምና ለክትባት ጠርተናቸው ቤቱ የቀረ ሰው አልነበረም። ወጣቱ ሁሉ ፍየሉን እየነዳ ወርዶ የደቻቱ አሸዋ ሞልቶ ነበር።"

"ወጣቱ ሁሉ" ሲል ደገመው ጓድ ሣህሉ፣ ቀስ ብሎ። አፉ ሳቀ። "እናንተስ ታድላችኋል። እኛ ለስብሰባ ስንጠራቸው የሚልኩልን ሽማግሌ ብቻ ነው።" ከዚያ ወደ አቶ ተሰማ ዞረ። "ልጅዎ ደህና ነው? ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ደረሰ አይደል?"

የአቶ ተሰማ እርሳስ ጫፉ ተሰበረ። "ደህና ነው" አሉ፤ "ተመስገን" ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

"እንግዲያው ሐሙስ ፍየሎቻቸውን እንከትብላቸዋለን። ክትባቱ በእኛ በኩል ይመጣል። መጥራቱን ግን እናንተ ጥሩልን። የሚያምኑት እናንተን ነው።"

አቶ ተሰማ እሺ አሉ። የድርጅቱ ሾፌር አብዲቃድር በዚያው ቀን ላንድሮቨሩን አስነስቶ ወደ ገንደ ሸምሶ ወጣ። አብዲቃድር የመንደሩን ሰዎች ቋንቋ የሚናገር፣ ቀልዱ የማያልቅበት ሰው ነው፤ ከቤት ቤት እየዞረ፣ ከእያንዳንዱ ደጃፍ ወተት እየተጎነጨ፣ ሐሙስ ጠዋት ፍየላችሁን ይዛችሁ ደቻቱ ውረዱ ብሎ ተናግሮ ተመለሰ።

የገንደ ሸምሶ ሰዎች ለምን እንዲህ ግልብጥ ብለው እንደሚመጡ ጓድ ሣህሉ አያውቅም ነበር። ሰርካዲስ ግን ታውቃለች። በዚያ አገር ከብት ያለው ሰው ለሌለው የምትታለብ እንስሳ ይሰጣል። ተቀባዩ ወተቷን ይጠጣል፣ ይሸጣል፣ ልጆቹን ያሳድግበታል። እንስሳዋ ግን ከነልጆቿ የሰጪው ናት። ሰጪው በጠራ ቀን ተቀባዩ ሰበብ ሳያበዛ ነድቶ ያመጣታል፣ ገመዷንም ከእጁ ወደ እጁ ያስረክበዋል። አማና ይሉታል፤ ሌላው አደራ የሚለው ነው። አማና ያጎደለ ሰው ልጁን የሚያገባለት አያገኝም፤ ሲታመምም ጠያቂ የለውም።

የድርጅቱን ፍየሎችም ያዩዋቸው እንዲያው ነበር። ሰርካዲስ ይህን የተረዳችው ገና ያኔ፣ ለሃሊሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፍየሎች ያስረከበች ዕለት ነው። ሃሊሞ ባሏ በድርቁ የሞተባት፣ ቆዳዋ ከአጥንቷ የተጣበቀ ሴት ነበረች፤ ሁለት ልጆቿን ግራና ቀኝ አቁማ ገመዱን ተቀበለችና "መቼ ትጠሪኛለሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ሰርካዲስ ነገሩ ሲገባት ወደ አቶ ተሰማ ሮጠች። "ብድር መስሏቸዋል፤ የራሳችሁ ነው ብለን እንንገራቸው" አለቻቸው።

"ተይው" አሉ አቶ ተሰማ። "በሌላ ቦታ የራሳችሁ ነው ያልናቸው ሰዎች ለበዓል አርደው በሉት። እንደ ሰው ንብረት ቢጠብቁት ምን ይጎዳናል?"

አልጎዳም። እንዲያውም ሥራው ያማረው በዚህ ነው። የታረደ የለም፣ የተሸጠ የለም፤ ፍየሎቹ ከልጆች እኩል ከፀሐይ ተጠለሉ። ግልገሏን ለጎረቤት ስጡ ሲባሉም ቅር ያለው ሰው አልነበረም፤ ባለቤቱ እንዳዘዘ ነዋ። ሰርካዲስም ዝም አለች። እያደር ነገሩን ረሳችው ማለት ይቻላል።

ጥርጣሬ የገባት ከጓድ ሣህሉ ጉብኝት ማግስት ነው። የክትባት መርፌው ይበቃ እንደሆነ ልትጠይቅ ወደ እንስሳት ሕክምናው ጎራ አለች። እዚያ ያለው ሰው ክትባት የሚባል ነገር ከመጣ መክረሙን፣ ሐሙስም የሚመጣ እንደሌለ ነገራት። "ማነው ያለሽ?" አላት። ስም ስትጠራለት ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ጠርሙስ መጥረግ ጀመረ።

ከዚያ ወጥታ በእግሯ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ከደቻቱ ዳር ባለው አሮጌ የጥጥ መጋዘን ግቢ ውስጥ ሸራ የለበሱ የወታደር ኡራል ካሚዮኖች ተደርድረው አየች። ሹፌሮቹ ጥላ ሥር ካርታ ይጫወታሉ። ከሰሞኑ በከተማው ያለውን ነገር ያኔ ከዚህ ጋር አገናኘችው። ለብሔራዊ ውትድርና የተጣለው ኮታ አልሞላም እየተባለ በየሰፈሩ አፈሳ ነበር። ሲኒማ ቤት በር ላይ የነበሩ ወጣቶች በአንድ ምሽት ጠፍተዋል፤ ፀጉር ቆራጩ መቀሱን እንደያዘ ተወስዷል። የገጠሩ ወጣት ግን ነቅቷል። ስብሰባ ሲባል ተራራ ይወጣል፤ የሚመጣው ለፍየል ሲጠራ ብቻ ነው። ይህንንም ለጓድ ሣህሉ የነገረችው ማን ናት?

ወደ አቶ ተሰማ ብትሄድ ምን እንደሚሏት አወቀች፤ ቢሆንም ሄደች። ሁሉንም ነገረቻቸው። አቶ ተሰማ አዲስ እርሳስ አንስተው ይቀርጹ ጀመር። "እኔ አልሰማሁም" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። "አንቺም አልነገርሽኝም። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ ሰርካዲስ።" ላንድሮቨሩን ስጡኝ ልትላቸው አስባ ነበር፤ ከከተማ ለመውጣት ግን የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ወረቀቱን የሚፈርመው ደግሞ ጓድ ሣህሉ ነው። እሳቸውን ረገመቻቸው፤ ወዲያው ደግሞ አዘነችላቸው።

የቀረው ቀፊራ ነበር። ሃሊሞ በየጠዋቱ ወተቷን በአህያ ጭና እየወረደች እዚያ ትሸጣለች። ረቡዕ ጠዋት ሰርካዲስ ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ ሽንኩርት እየነካካች፣ በርበሬ እያሸተተች፣ አላፊ አግዳሚው እንደ ማንኛዋም ገበያተኛ እንዲያያት እየተጠነቀቀች ወደ ወተት ተራው ደረሰች። ሃሊሞ ያቺ የድርቁ ሴት አይደለችም። ፊቷ ሞልቷል፤ ሻሿ አዲስ ነው፤ ከደንበኞቿ ጋር በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም ትከራከራለች። ሰርካዲስ ይህችን ሴት ባየች ቁጥር ደመወዟ ባይከፈላትም ግድ እንደማይላት ትናገር ነበር።

"አቦ ሰርኬ! ምነው ጠፋሽ? ነይ ቅመሺ፣ ወላሂ የዛሬ ነው" አለች ሃሊሞ።

ሰርካዲስ ጎንበስ አለች። "አዴ ሃሊሞ፣ እየሳቅሽ ስሚኝ። ሰው ያየናል።"

ሃሊሞ ሳቋን አላቋረጠችም። "እየሳቅኩ ነው። በይ።"

"ነገ ክትባት የለም።"

"አብዲቃድር አለ ብሎ ጠራን እኮ።"

"እሱም አያውቅም። ለወታደር ሊያፍሱ ነው። መኪናዎቹን አይቻለሁ። ሊበን እንዳይመጣ። ከመንደሩ አንድም ወጣት እንዳይመጣ።"

ሃሊሞ መሳቋን ቀጠለች፤ የምትሰፍረው ወተት ግን ከጣሳው አልፎ መሬት ፈሰሰ። ትልቁ ልጇ ኢድል ካቻምና ለገበሬ ማኅበር ስብሰባ ተጠርቶ እንደወጣ ቀርቷል። ሰሜን ዘምቷል ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። የቀራት ሊበን ብቻ ነው። እርከኑን የሠራው፣ ማሽላውን የዘራው፣ ፍየሎቹን በየስማቸው የሚጠራው ሊበን።

"ኢድልን በስብሰባ፣ ሊበንን በፍየል" አለች፣ ጥርሷን እንዳሳየች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። "አሁን ከሱቅ ወጥቶ የሚያየን ሰው ምን ያስቃቸዋል ይላል።"

"ለሌሎቹም ንገሪ። ግልገል ለሰጠሻት ንገሪ፤ እሷም ለሰጠቻት ትንገር። እስከ ላይ ድረስ ይዳረስ።"

"ይዳረሳል። ወጣት አይወርድም፤ አላህ ምስክሬ ነው አይወርድም።" ሃሊሞ ጣሳውን አስቀመጠች። "ፍየሎቹስ?"

"ፍየሎቹ ምን?"

"ባለቤቱ ጠራ እኮ።"

ሰርካዲስ አፏን ከፈተች። አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ነበረች የምትፈለገው፤ የራሳችሁ ናቸው፣ ከመጀመሪያውም የራሳችሁ ናቸው የምትል። በዚህ መሐል ግን ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ አብዮት ጠባቂ ከጎናቸው መጥቶ ቆመና የወተቱን ዋጋ ጠየቀ። ሰርካዲስ ደነገጠች። "አይ፣ ተወዷል፣ አዴ ሃሊሞ፤ ሌላ ቀን" ብላ ዘንቢሏን አንስታ ሄደች። ዋናውን ነገር ነግሬያታለሁ፣ የፍየሉ ነገር ይደርሳል እያለች ራሷን አጽናናች። እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ የአብዮት ጠባቂው ዓይን ጀርባዋ ላይ እንዳለ ተሰምቷት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ደቻቱ ደርቆ፣ አሸዋው ገና በማለዳው መጋል ጀምሮ ነበር። ጓድ ሣህሉ ከግራር ሥር ወንበር አስዘርግቶ ተቀምጧል። አጠገቡ ቀይ መስቀል የተቀባበት የክትባት ሳጥን አለ። ሰርካዲስ ሰው ሳያያት ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አየችው፤ ባዶ ነው። ወታደሮቹ ከመጋዘኑ ግንብ ኋላ ናቸው፤ ሲስሉና ሲጋራ ሲለኩሱ ይሰማል። አብዲቃድር ነገሩ ስለገባው ቀልዱ ጠፍቶ ላንድሮቨሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። አቶ ተሰማ አሞኛል ብለው ቤታቸው ቀርተዋል።

ፀሐይ ከፍ አለች። የሚመጣ አልነበረም። ጓድ ሣህሉ ሰዓቱን ባየ ቁጥር ሰርካዲስ ደስም ይላታል፣ ትፈራለችም። ማንም ባይመጣ ምን ያደርገኛል? ያሰረኝ እንደሆነ ይሰረኝ እያለች፣ ወደ ላይኛው የወንዙ መታጠፊያ ታያለች።

ከዚያ ከመታጠፊያው አቧራ ተነሣ። የፍየል ጩኸት ተሰማ። ጓድ ሣህሉ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ከግንቡ ኋላ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰርካዲስ ሰማች። አሸዋውን ሞልተው የመጡት ግን አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዱ በምርኩዝ፣ አንዷ ወገቧን ይዛ፣ ሁሉም ፍየሎቻቸውን በገመድ እየጎተቱ። ወጣት የሚባል በመካከላቸው የለም። ከፊት ሃሊሞ ናት።

ሃሊሞ ጓድ ሣህሉን እንዳላየች አልፋው ወደ ሰርካዲስ መጣች። የፍየሎቿን ገመድ አንድ ላይ ጠቅልላ በሁለት እጇ ዘረጋችላት። "ተረከቢ" አለች።

"አዴ ሃሊሞ፣ ምን..."

"ጠራሽ፤ አመጣን። እነዚህ የሰጠሽኝ ናቸው፣ እነዚህ ልጆቻቸው። ታመው አያውቁም። ተረከቢ።"

ከኋላዋ ያሉትም ተራ በተራ እየቀረቡ ገመዳቸውን ያስጨብጧት ጀመር። እያንዳንዱ ያንኑ ቃል ይላል። ሰርካዲስ ሁለት ዓመት የደከመችበት ሥራ ሁሉ ወደ እጇ ተመልሶ ሲመጣ መያዣ አጣች፤ ገመዶቹን ከግራሩ ግንድ ላይ እያሰረች አለቀሰች። መንደሩ ነገ ምን ይጠጣል? ምን ይሸጣል? ፍየሎቹ አፋቸውን ወደ ባለቤቶቻቸው አዙረው ይጮሁ ነበር።

"ወጣቶቹስ፣ እናቴ?" አለ ጓድ ሣህሉ ሃሊሞን፣ በለስላሳ ድምፅ።

"ሥራ ሄዱ።"

"የት?"

"ሥራ ወዳለበት።"

ሽማግሌዎቹንም ጠየቀ፤ እነሱም ሥራ ሄዱ አሉ። ጓድ ሣህሉ ሰርካዲስን ትክ ብሎ አያት። "ነገ ቢሮዬ እንነጋገራለን፣ ጓዲት ሰርካዲስ" አላት። ከዚያ ወደ ግራሩ ሄዶ የታሰሩትን ፍየሎች አየ፣ አሮጊቶቹን አየ፣ ወደ አብዲቃድር ዞረ። "ተረከቢ የሚሉት ምንድን ነው?"

አብዲቃድር ምራቁን ዋጠ። "የተሰጠንን መለስን ነው የሚሉት" አለ።

ጓድ ሣህሉ ለጥቂት ጊዜ አሰበ። እንዲህ ያለ ሰው ሲያስብ ማየት ያስፈራል። ተመልሶ ሃሊሞ ፊት ቆመ። "ሁሉንም መለሳችሁ?" አላት።

ሃሊሞ ስለ ልጇ ስትዋሽ ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም ነበር። አሁን ግን ከንፈሯን ነከሰች። ሰርካዲስ አዎ በዪ፣ አዎ በዪ እያለች በሆዷ ለመነች። በአማና ላይ ግን ሃሊሞ እንዴት ትዋሽ?

"አንዲት ቀርታለች" አለች ሃሊሞ። "ሌሊቱን ምጥ ይዟት መራመድ አልቻለችም። ስትገላገል አሮጊቷ ኑርቶ ታመጣታለች።"

"ጥሩ" አለ ጓድ ሣህሉ። "እንጠብቃታለን። አንዷ ሳትመጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።"

ሁሉም አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ አናት ላይ መጣች። አብዲቃድር ውሃ ላምጣላቸው ብሎ ወደ መኪናው ሲራመድ አንድ ወታደር ከግንቡ ጀርባ ብቅ ብሎ "ተቀመጥ" አለው፤ ተቀመጠ። ሃሊሞ ግን አልተጨነቀችም። ኑርቶን ነግራታለች፤ ሊበን ከኮረብታው አይወርድም። ለሰርካዲስም በዓይኗ ይህንኑ ነገረቻት። ሰርካዲስ ግን ጓድ ሣህሉን ታያለች። ሰውየው የማይቸኩለው ለምንድን ነው? መልሱ ቀስ እያለ ገባት። ሰውየው የሚጠብቀው ፍየሏን አይደለም። እናቱ ሄዳ የቀረችበትን ልጅ ነው።

ያኔ መታገሥ አቃታት። ብድግ ብላ ጮኸች። "ፍየሎቹ የናንተ ናቸው! ስሙኝ፤ የሰጠናችሁ ለዘለዓለም ነው። አማና አይደለም፣ አበዳሪ የለም፣ ተመላሽ የለም! ተነሡ፣ ፍየሎቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ!"

አብዲቃድር ለሌሎቹ ተረጎመላቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሃሊሞ አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻት።

"የኛ?" አለች።

"የናንተ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

"የኛ ከሆኑ ለምን ጠራችሁን?"

ጓድ ሣህሉ አፉ ሳቀ።

ከመታጠፊያው በኩል ያን ጊዜ አንድ ሰው ብቅ አለ። አሮጊት አይደለም፤ ረጅም ነው፣ ይፈጥናል። በደረቱ ገና ያልደረቀ ግልገል አቅፏል፤ እናትየው ፍየል እየጮኸች ከኋላው ትከተለዋለች። ሃሊሞ ከተቀመጠችበት ተስፈንጥራ ተነሣች።

"ሊበን! ፊጊ! ሩጥ!" ብላ ጮኸች፣ በኦሮምኛም በአማርኛም።

ሊበን ቆመ። ከግንቡ ኋላ የወጡትን ወታደሮች አያቸው። ከኋላው ወንዙ ክፍት ነበር፤ ለእግረ ፈጣን ወጣት መታጠፊያው ሩቅ አይደለም። ግልገሉን ወርውሮ ቢሮጥ ያመልጥ ነበር ብለው በኋላ ያዩት ሁሉ ተናግረዋል። እሱ ግን ጎንበስ አለ። ግልገሉን አሸዋው ላይ አስቀመጠው፤ አሸዋው እንደሚያቃጥል ሲያውቅ ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ከሥሩ አነጠፈለት፤ የእናትየዋን አንገት ስቦ ወደ ግልገሉ አዞራት። ቀና ሲል ሁለት ወታደሮች ክንዱን ይዘውት ነበር።

የሌሎቹ ልጆች ከኮረብታው አልወረዱም። ጓድ ሣህሉም ባዶ ካሚዮን ይዞ ከመመለስ አንዱ ይሻለኛል አለ መሰለኝ፣ ሊበንን ከከተማው ካፈሷቸው ጋር አስጫነው። ሃሊሞ በካሚዮኑ ጎማ ላይ ተጣበቀች፤ ሰደፍ አሳይተው አላቀቋት። ሊበን ከሸራው ሥር አንገቱን አውጥቶ እናቱን በቋንቋቸው አጽናናት። ከዚያ ሰርካዲስን ፈለጋት።

"ፍየሏ ኑርቶን እምቢ አለቻት" አለ፣ በአማርኛ። "እናቴን ደግሞ ጎደለ ብላችሁ በአንዷ ፍየል የያዛችሁብኝ መሰለኝ። ሰርኬ፣ እናትየዋም ግልገሉም ደርሰውሻል? ተረክበሻል?"

የናንተ ናቸው የሚለው ቃል ሰርካዲስ አፍ ድረስ መጣ። ይህን ብትለው ልጁ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄደው በከንቱ መሆኑን ልትነግረው ነው። ዋጠችው።

"ተረክቤያለሁ፣ ወንድሜ" አለች።

ሊበን ራሱን ነቀነቀ፤ ፊቱ ትንሽ ቀለለው። ካሚዮኑ ጭስ ተፍቶ ድልድዩን አልፎ ሄደ።

ሰርካዲስ ከግራሩ ግንድ ላይ ገመዶቹን መፍታት ጀመረች። የሃሊሞን ፍየሎች ለይታ፣ አራሷንና ግልገሉን ጨምራ፣ አሸዋው ላይ ወደተቀመጠችው እናት ወሰደቻቸው። "አዴ ሃሊሞ፣ በእግዜር ይሁንብሽ ውሰጃቸው" አለቻት። "እንዳትራቢ። ያንቺ ናቸው።"

ሃሊሞ ገመዱን አልነካችውም። ተነሥታ ልብሷን ከአሸዋ አራገፈችና ፊት ለፊቷ ቆመች።

"ያንቺን መለስኩልሽ" አለቻት። "የኔን መልሺልኝ።"